ቪዛው መጣ

ማክሰኞ፣ ማርች 11፣ አሽቀሎን፣ እስራኤል

ዛሬም ለእማዬ እውነቱን ሳልነግራት ቀረሁ።

ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ የትም ሆኜ መሥራት እችላለሁ። ማሌዥያ በእኛ ፓስፖርት አታስገባም፣ ጃፓን ከስድስት ወር በላይ አትሰጥም። ስለዚህ የታይላንዱን፣ የአምስት ዓመቱን የመኖሪያ ቪዛ ጠየቅሁ። ባለፈው ሳምንት "ቪዛ እየጠበቅሁ ነው" ስላት፣ እዚህ ሁላችንም ቪዛ የምንለው የባንክ ካርዱ መስሏት "የድሮው ተበላሸ እንዴ?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። ፈሪ ነኝ።

ዛሬ ምሳ እየበላን መልእክቱ ስልኬ ላይ ገባ። ተፈቅዶልኛል። መብላቴን አቆምሁ።

"ምነው ልጄ?"

"ቪዛው መጣ፣ እማዬ።"

"ዮፊ! እሰይ" አለችና ሳልጨርስ ሳህኔን አነሳችው። ከኩሽና ሆና ጠየቀችኝ፣ "ለስንት ጊዜ ያገለግላል?"

"ለአምስት ዓመት።"

ቧንቧው ብቻ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ።

ይህን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ። እማዬ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ጎንደር ላይ አራት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቪዛ ነበር። ያንን ቃል እንዴት ብላ ከባንክ ካርድ ጋር ታምታታዋለች?