ነጩ ሻሽ

ጥቅምት 4 ቀን 2004
ዛሬም ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰብሊ በሩን ቧጠጠች። እንደ ድመት ነው የምትቧጥጠው፣ እናቴ እንዳትነሣ። ከማንኩሳ እስከ ወንዙ፣ ደርሶ መልስ። ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቴን አመመኝ። ዳገቱ ላይ ጥላኝ ሄደች... እንደ ልማዷ።

ሩጫው ኅዳር 23 ቡሬ ነው። አስፋልት የለው፣ ሁሉም የእግር መንገድ፣ ኮረብታና ወንዝ። ከሴቶች ሦስት ተመርጠው ባሕር ዳር ክለብ ይገባሉ። «እኔ አንደኛ፣ አንቺ ሁለተኛ» አለችኝ። ሦስተኛዋስ ስላት «የፈለገችው ትሁን፣ ምን አገባን።» ስስቅ ዋልኩ።

ጥቅምት 9
በርበሬው ቀልቷል። በየማሳው ማማ ተሠርቷል፣ ወንዶቹ ጠመንጃ ይዘው እዚያ ያድራሉ። ሌባ በዝቷል አሉ።

ዛሬ ከጨለማው ውስጥ «ማነህ!» የሚል ድምፅ መጣ። ትንፋሽ ከየት አምጥቼ ልመልስ? ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ። ሰብሊ ናት የጮኸችው። «እኛ ነን! የይሄይስ ልጅ፣ የሰይፈ ልጅ!»

ጎረቤታችን አያ ቸኮለ ነበር። «እግዜር አተረፋችሁ» አለ። አገሩ እንዲህ ነው፣ ሲጠራ ያልመለሰ ሌባ ነው።

ጥቅምት 10
ለአባቴ ነገርኩት። አልተቆጣም። «በበርበሬ ጊዜ በጨለማ የሚሮጥ ሌባ ነው፣ ወይ ሌባ የሚያባርር» አለ። ቀን እንዳልሮጥ ለቀማ አለ። መንገድ እንዳልቀይር ዙሪያው ሁሉ ማሳ ነው። ነጭ ሻሽ አስረን ብንሮጥስ? አልኩት። ከሩቅ ይታያል...

ማታ ከማማ ማማ ይዞኝ ዞረ። ተስማሙ። ነጭ ሻሽ ካዩ አይጠሩንም፣ እኛም መመለስ የለብንም። ደስ አለኝ፣ የራሴ ሐሳብ ስለሆነ።

ጥቅምት 18
ሻሹ ሠራ። ማንም አይጠራንም። እኛም ወደ ማማው መዞር ትተናል። አያ ቸኮለ ብቻ «በርቱ» ይለናል። ዛሬማ «ከቆማችሁ ነው የምተኩስ» ብሎ ቀለደብን።

ጥቅምት 27
ትናንት ሊነጋ ሲል ከእኛ ስጥ በርበሬ ተሰረቀ። አባቴ እህል አልቀመሰም። ሰብሊን ሆዷን አሟት ስለነበር ትናንት አልሮጥንም።

ዛሬ ስንወጣ አያ ቸኮለ ከማማው ወርዶ መንገድ ዳር ቆሟል። «ትናንት ምነው እግራችሁ ከበደ? በርቱ ስላችሁ ዝም አላችሁኝ።»

ሰብሊ አየችኝ። እኔም አየኋት።

«አያ ቸኮለ፣ ትናንት እኮ አልወጣንም» አልኩት።

ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሁለት ሌቦች በፊቱ አልፈዋል፣ እሱም አይዟችሁ ብሏቸዋል። ማን ነገራቸው? ስንት ቀን ሲያዩን ኖረዋል?

ጥቅምት 28
ጠባቂዎቹ ተሰበሰቡ። ሻሹ ቀረ። «ከእንግዲህ ነጭ ያሰረ ሌባ ነው» አለኝ አባቴ። «ፀሐይ ሳትወጣ ከቤት እንዳትወጪ። ለጓደኛሽም ንገሪ።»

ሰብሊ ትናንት ከሰዓት ቡሬ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች፣ ሁለታችንንም ልታስመዘግብ። ስልኳ ዝግ ነው። ለአባቴ «ቡሬ ናት፣ ስትመጣ እነግራታለሁ» አልኩት።

ኅዳር 1
ስልኳ አሁንም ዝግ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ብቻዬን ሮጥኩ፣ አላማረኝም። አባቴ ማታ ማታ ጠመንጃውን ይወለውላል። ሲያናግሩት አይሰማም። ፈራሁ... ምኑን እንደሆነ እንጃ።

ኅዳር 3
ገና አልነጋም። አንድ ጥይት ተተኮሰ። በእኛ ማሳ በኩል ነው።

ኅዳር 9፣ ቡሬ
የተመታችው ሰብሊ ናት። የዚያን ዕለት ዋዜማ ማታ በመጨረሻው ሚኒባስ ገብታ፣ ሌሊት እኔን ልትቀሰቅስ ስትመጣ ነው። ቡሬ ሁለት አዲስ ነጭ ሻሽ ገዝታ ነበር። አንዱን አስራዋለች። አንዱ ኪሷ ውስጥ ተገኘ... የእኔ ነው።

አባቴ ሁለት ጊዜ ጠርቻለሁ ይላል። አልመለሰችም። ለምን ትመልስ? ሻሽ ካሰርን አንመልስም ተባብለን የለም?

«አንቺ ቤት ተኝተሻል። እሷ ቡሬ ናት። ከሌባ በቀር ማን ቀረ?» አለኝ፣ ለፖሊስ እጁን ሊሰጥ ሲወጣ። ቡሬ ናት ያልኩት እኔው።

አሁን የገዳይ ቤተሰብ ነን። በዚያው ቀን ከእናቴ ጋር ወጣን። ሽማግሌ ገብቶ ደሙ እስኪደርቅ ማንኩሳን አንረግጥም። ቀብሯ ላይ እንኳ አልቆምኩም። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እነቃለሁ። በሩን የሚቧጥጥ የለም።

ኅዳር 23
ሄድኩ። ለምን ወደ ሩጫው እንደሄድኩ አላውቅም። ፀጉሬን ምንም አላሰርኩበትም። አንድ ሰውዬ ስም ይጠራል።

«ወይኒቱ ሰይፈ።»

«አቤት።»

«ሰብሊ ይሄይስ።»

ዝም።

«ሰብሊ ይሄይስ!»

ሁለት ጊዜ። ልክ እንደ አባቴ። ሦስተኛ ሳይጠራት ፈጥኜ «አቤት» አልኩ።

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። «ወይኒቱ ነኝ አላልሽም?»

«ነኝ። እሷ አትመልስም ብዬ ነው።»

ፊሽካው ተነፋ። ልጆቹ ሮጡ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።