ለባትሪው ዕድሜ ሲባል ዓይኑ ስለታሰረው ሴንሰር

ወላይታ ሶዶ፣ መስከረም ፳፻፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ደገፉ
የቀበሌያችን የጸጥታና የቴክኖሎጂ ሽግግር አስተባባሪ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እግርዎ ደኅና ነው? ጉልበትዎ ይታዘዝልዎታል? ያለ ደጋፊ ከአልጋዎ ወርደው ደጅ ድረስ ይሄዳሉ? በቤታችን ይህን የማይችል ሰው ስላለ የእግር ነገር ከወትሮው ይልቅ ያሳስበኛል። እኛ ተራ ሰዎች በልማዳችን የወደድነውን ሰው «ዕድሜ ይስጥልን» ብለን እንመርቃለን፤ እርስዎ ግን ፈጣሪን ሳያስቸግሩ በገዛ እጅዎ ዕድሜ የሚያድሉ ባለሥልጣን መሆንዎን ባለፈው የፍልሰታ ጾም ስላየሁ፣ ምርቃቴ ድፍረት እንዳይሆንብኝ ትቼዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በየግድግዳው ላይ ለሚያነብ መንገደኛ ነገሩ ግልጽ ይሆንለት ዘንድ ከሥሩ እጀምራለሁ። ታላቅ እኅቴ እማሆይ የማርያምወርቅ የመርሳት ሕመም አድሮባቸዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቆባቸውን አስተካክለው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ «እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች» እያሉ ወደ ተወለዱበት ወደ ገሱባ ለመሄድ ይነሣሉ፤ እናታችን ካረፈች እኔ ታናሹ እንኳ ሸምግያለሁ። አንድ ቀን በሩን ብቆልፍባቸው፣ እጃቸው እስኪያብጥ ቆርቆሮውን ሲደበድቡ አምሽተው እንደ እስረኛ ስላለቀሱ፣ ዳግመኛ ላልቆልፍ ለራሴ ቃል ገባሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ፕሮጀክት ለቀበሌያችን ያደለው ሴንሰር የሚሉት ገመድ አልባ ጠባቂ በበራችን ምሰሶ ላይ ተሰቀለልን። በፊቱ ሰው ሲያልፍ እርሱ ያያል፣ በእኔ ክፍል ያለው ደወል ይጮኻል፣ እኔም ወጥቼ እኅቴን በለሆሳስ አነጋግሬ እመልሳቸዋለሁ። ለእኛ ይህ ዕቃ ጌጥ አልነበረም።

እርግጥ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ባትሪው ቶሎ ቶሎ ያልቅ ነበር። የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴው ሳሊህ መጥቶ አይቶ፣ «የኔታ፣ ሌባው እኮ እንሰቱ ነው! ቅጠሉ በነፋስ በተወዛወዘ ቁጥር ሰው መስሎት ይነቃል፤ በነቃ ቁጥር ደግሞ ባትሪውን ይበላል። እርስዎስ በሌሊት አሥሬ ቢቀሰቅሱዎት ይከርማሉ እንዴ?» ብሎ አሳቀኝ። ቅጠሉን ቆረጥን። ባትሪው ጨርሶ ሳይሞት ቻርጅ አደርገው፣ ሲሞላም ከሶኬቱ እነቅለው፣ ፀሐይ እንዳያቃጥለው ከለላ አበጅለት፣ መብራት በጠፋ ሰሞን ወደ ሳሊህ ሱቅ ወስጄ በጄኔሬተሩ አስሞላው ጀመር፤ ከዚያ ወዲህ አንዴ የሞላ ባትሪ ሳምንታት ያገለግለን ነበር። የባትሪን ዕድሜ ማራዘም ማለት ለእኔ ይህ ነበር፤ ሌላ መንገድ እንዳለ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. የሞዴል ቀበሌ ውድድር ሲመጣ፣ ሴንሰሮቹ ስንት ሰው እንደጠበቁ ሳይሆን ባትሪያቸው ስንት በመቶ እንደቀረ የሚለካ መስፈርት ስላወጡልን አመሰግናለሁ። በዚህ መስፈርት መሠረት ጎረቤታችን ወይዘሮ ሳዲያ፣ «ሣጥን ውስጥ ቆልፈሽ አስቀምጪው፣ እንዳትነኪው» የሚል መመሪያ ደርሷቸው፣ የቤታቸውን ጠባቂ ከክረምት ልብስ ጋር አጥፈው አስቀምጠውታል። እዚያ ሆኖ ብል እንዳይበላቸው ይጠብቅ እንደሆነ አላውቅም።

፪ኛ. እኔ ለጾሙ ቅዳሴ በሄድሁበት ከሰዓት በኋላ፣ ቤቴ ድረስ ደክመው፣ መሰላል ተውሰው፣ የሴንሰሩን ዓይን በጥቁር ናስትሮ ስላሰሩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጎረቤቴ ቦሼ ከአጥር ማዶ ሆና አይታዎታለች። በኋላ ስትነግረኝ እንዲህ አለች፦ «እኔ ምን አውቄ የኔታ! አዲስ ነገር የሚገጥምላችሁ መሰለኝ። ‹ይሄ ዕቃ ሁሉን ካላየሁ ይላል፣ ለዚያ ነው ባትሪ የሚጨርሰው፤ ትንሽ ዓይኑን ጨፍኖ ይረፍ› አለኝ። እኔም ሳቅኩኝ።» እማሆይ ግን አልሳቁም። የበራቸው ዕቃ የሚጠገንላቸው መስሏቸው መሰላሉን ከሥር ይዘውልዎት እንደነበር፣ ሲወርዱም «ዕድሜ ይስጥህ ልጄ» ብለው እንደመረቁዎት ቦሼ ሰምታለች። ክቡርነትዎ ያንን ምርቃት ተቀብለው፣ መሰላሉን ተሸክመው፣ ወደሚቀጥለው ቤት ተሻገሩ።

በዚያው ዕለት ማምሻውን፣ ከቅዳሴ ተመልሼ በክፍሌ ስቀመጥ ደወሉ ዝም ብሎ ነበር። ዕቃው መሥራቱን የምታሳየው የደወሉ አረንጓዴ መብራት ትበራለች፤ ዝምታውን ሰላም አድርጌ ቆጠርሁት። በዚያች ዝምታ ውስጥ እኅቴ በታሰረው ዓይን ሥር አልፈው ወደ እናታቸው ሄዱ። ሌሊቱን ሰፈሩ ሁሉ በዝናብ ሲፈልጋቸው አድሮ፣ ጎሕ ሲቀድ ያገኛቸው የባጃጅ ሾፌሩ ጦና ነው፤ ከታችኛው መንገድ ቦይ ውስጥ፣ ጭናቸው ተሰብሮ። «የኔታ፣ በእግዜር አይቆጡኝ፣ ፈጥኜ አላመጣኋቸውም» አለኝ እንባው እየወረደ። «‹ገሱባ ነህ?› ይሉኛል። ሶዶ ነው ብላቸው አይገቡም። አዎ፣ ገሱባ ነኝ ብዬ ዋሸሁ።» እኔ ሐሰትን አጥብቄ የምጠላ ሰው ነኝ፤ የጦናን ሐሰት ግን እጁን ይዤ አመሰገንሁለት።

፫ኛ. በማግስቱ እኅቴ ሆስፒታል ሳሉ ለጥየቃ ወደ ቤታችን ብቅ ስላሉ፣ ከሁሉም በፊት ሴንሰሩን አውርደው ስላዩና «ዘጠና ስምንት በመቶ!» ብለው በደስታ ስለጮኹ አመሰግናለሁ። ናስትሮውንም በዚያው በጥፍርዎ ልጠው ኪስዎ ሲከቱ ቦሼም እኔም አይተናል።

፬ኛ. ይህኛው ምስጋና ከሌሎቹ ይከብዳል። በጳጉሜ ስብሰባ ላይ ነዋሪው በተሰበሰበበት ተነሥተው፣ «ባትሪው ዘጠና ስምንት በመቶ ነበር፤ ስለዚህ ጉድለቱ የቴክኖሎጂው ሳይሆን የቤተሰቡ የአመለካከት ችግር ነው፤ አንዳንድ ሰዎች አሮጊት መጠበቅ አቅቷቸው መሣሪያውን ያማርራሉ» ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ቀጥሎም የሞዴልነቱ የምስክር ወረቀት ተሰጠን፣ ተጨበጨበም። ፊደል ሲቆጥሩ እጅዎን ይዤ መስመር ላይ እንዳስኬድሁ እርስዎም አይረሱትም፤ በዚያን ዘመን «አንተ» እልዎ ነበር። ያን ጊዜ ሌሎች ልጆች ያጠፉትን በሌላው ላይ ሲያላክኩ እርስዎ አንድም ቀን አላላከኩም። ሥልጣን ምን ያህል አዲስ ነገር እንደሚያስተምር እነሆ ተረዳሁ።

ክቡር ሆይ፤ የምጠይቅዎ ገንዘብ አይደለም፤ የአጥንት ዋጋም አልቆርጥም። እኅቴ በአልጋ ላይ ሆነውም ቢሆን ሲመሽ መነሣት ይሞክራሉ፤ አንድ ቀን ከአልጋው ወድቀው የተገጠመው አጥንት ዳግመኛ ቢሰበር የሚነሡ አይመስለኝም። ሴንሰሩን ደግሞ «ለኤግዚቢሽን» ብለው ከወሰዱት አልመለሱልኝም። ስለዚህ የዕድራችን ሽማግሌዎች ሲመክሩ ውለው አንድ ሐሳብ አጽድቀዋል፤ እኔም በደስታ ፈርሜበታለሁ። ሴንሰሩ ወደ አልጋቸው ራስጌ እስኪመለስ ድረስ፣ ክቡርነትዎ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጥተው እኅቴ እስኪተኙ ድረስ ከአልጋቸው ፊት በበርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ዓይንዎን ገልጠው ይጠብቃሉ። ባትሪ አይጠይቁም፣ ቻርጀር አይፈልጉም፤ እማሆይ «ወዴት ነህ? ገሱባ ነህ?» ሲሉዎት «አዎ፣ ገሱባ ነኝ» ማለትን ጦና ያስተምርዎታል። እርስዎ ሲቀመጡ ጎረቤት እንዲያይዎ መስኮቱ ክፍት ይሆናል።

ይህን ባያደርጉ የፊታችን ግምገማ ይጠብቀናል። በዚያ ግምገማ እኅቴን ለትዕይንት አላቀርብም፤ የምቀርበው እኔ ነኝ፤ ቦሼም ጦናም ሳሊህም ከጎኔ አሉ። ሒስ ግለሒስ በሚሉት ሰዓት እጄን አወጣለሁ፤ መሪጌታ ነኝና ድምፄ ያለ ማይክሮፎን አዳራሹን ይሞላል። የሠሩትን ከመሰላሉ አንሥቼ እስከ ጭብጨባው ድረስ አንድም ቃል ሳልዘል አዜማለሁ፤ ዜማው የኀዘን ነው፣ ረጅምም ነው፣ በመካከሉም መቀመጥ አይፈቀድም። ከዚያ በኋላ በዚህች ከተማ በሄዱበት ሁሉ ሰው ስምዎን ሳይሆን ናስትሮውን እንዲያስታውስ እተጋለሁ። ለዚህ ሥራ ጊዜም ጉልበትም አለኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የእኔ እግር አልተሰበረም።

ለክቡርነትዎ በተገባው ልክ እጅ እየነሣሁ፣ ያየሁትን ሁሉ አይቼ፣

መሪጌታ ዓምደሚካኤል
የእማሆይ የማርያምወርቅ ወንድም፣ የቀድሞ የፊደል መምህርዎ

ግልባጭ፦ ለዕድሩ ሽማግሌዎች፣ ለሳሊህ ሱቅ መዝጊያ፣ ለመናኸሪያው ግድግዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለእኅቴ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው በጽሞና ሰምተው፣ «ምስኪን፣ ይቅር ብዬዋለሁ፣ አንተም ተወው» አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን፣ «ማንን ነው ይቅር ያልሁት?» ብለው ጠየቁኝ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይቅርታው ከእርሳቸው ደርሶዎታል፤ እርሳቸው ረስተውልዎታል። እኔ ግን በዚያ ሕመም አልታመምሁም።