ከፍርድ ቤት የመጣልኝ ፖስታ

ለውድ እህቴ ለሩመይሳ፤

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው ተቀመጪ፤ ተቀምጠሽ ከሆነ ግድግዳ ተደገፊ። ወንድምሽ ሰልማን፣ ሃያ ሦስት ዓመቱን ገና ሳይደፍን፣ ከነአያቱ ስም ተጽፎ በሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ተጠርቷል።

አሰላሙ ዐለይኩም እታለም። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሕግ ባነበብሽ ቁጥር የሚነሳብሽ ራስ ምታት ለቀቀሽ ወይ? ለቀቀኝ ካልሽኝ ማንበቡን ትተሻል ማለት ነው። የእማዬ ጉልበት፣ የአባዬ ሳል፣ የደሴ ብርድስ እንዴት ከርመዋል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከደነገጥኩት ድንጋጤ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓልምስ የሚባል ሰፈር አብሮኝ የሚኖረውን እንዳሻውን በስልክ ታውቂዋለሽ፤ ያ በመኪናው ሰው እያመላለሰ የሚያድረው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ፌርፋክስ ምሳ ልንበላ በሄድን ቁጥር መኪናውን ማቆም የተከለከለበት ቀዩ መስመር ላይ ፓርክ አድርጎ «እኔን ማንም አይነካኝም» እያለ ይፎክራል። እኔ ደግሞ ፉከራ ስሰማ እጄ ይበላኛል። ከመንገድ ላይ ባዶ የቅጣት ፖስታ አነሳሁና «ሁለተኛ ከተገኘህ መኪናህ ይወረሳል» የሚል ወረቀት ከትቼበት፣ የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ቀለም ውስጥ ነክሬ ማኅተም መትቼበት መስታወቱ ላይ ሰካሁት። እንግሊዝኛዬን ታውቂዋለሽ፤ ደግነቱ የሱ ከኔ ይብሳል። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዳሻው ኦሊምፒክ የሚሉትን አውራ ጎዳና ተሻግሮ ሩቅ ሰፈር ያቆማታል፤ በዚያ በሚያመው ጉልበቱ እያነከሰ ሁለት ሳምንት ሙሉ በእግሩ ተመላለሰ። እኔ ከኋላው ሳቄን እየዋጥኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ነው እንግዲህ ፖስታው የመጣው። እኛ አገር መጥሪያ መጣ ማለት ከሳሽ አለ ማለት መሆኑን ላንቺ አላስተምርሽም። ከወረቀቱ የገቡኝ ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ፍርድ ቤት፣ ግዴታ፣ ቅጣት። በቃ፣ ማኅተሜ ተደረሰበት አልኩ! የመንግሥት ሰነድ አስመስሎ መሥራት ስንት ዓመት ያስፈርዳል? አንቺን ደውዬ ልጠይቅሽ ብል ደሴ ሌሊት ነው። አውቶቡስ ይዤ በረርኩና እንዳሻው የሚበላበት ምግብ ቤት ገብቼ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ወላሂ የቅጣት ቲኬቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ክሱን አንሳልኝ» ብዬ ተናዘዝኩ።

እንዳሻው ጉርሻው አፉ ጋ ሳይደርስ ቀረ። «የምን ክስ?» አለ። ቀጥሎ ገባው። «ሁለት ሳምንት! በዚህ ጉልበቴ! አንተ የሰይጣን ቁራጭ!» ብሎ ሲነሳ ምግብ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሱ በቀር።

ያዳኑኝ እዚያው ምሳ ሲበሉ የነበሩት እትዬ አይዳ ናቸው። ከምግብ ቤቱ በላይ በኩል የቅመም ሱቅ ያላቸው፣ እኛ ሳንወለድ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሴትዮ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አነበቡና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «አንተ ቀጣፊ፣ ማንም አልከሰሰህም። ና ፍረድ ነው የተባልከው» አሉኝ።

ሩመይሳ፣ እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት! አንቺ አምስት ዓመት ሕግ ስትቆጥሪ፣ እኔን፣ አሥረኛ ክፍልን ሁለቴ የጎበኘሁትን፣ ለዳኝነት! ጁሪ ይሉታል። ሕግ ያልተማረ አሥራ ሁለት ሰው ከየመንደሩ ይለቀማል፤ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጥፍር ቀቢዋ፣ ሹፌሩ። ሰውየው አጥፍቷል ወይስ አላጠፋም የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ ካባ የለበሰው ዳኛ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። እትዬ አይዳ ራሳቸው ሁለት ጊዜ ተቀምጠዋል። ደግሞ ባለጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ይባረራል አሉኝ! እኛ ጋ ለሽምግልና አባጋር ሆኖ የሚቀመጠው የሁለቱንም ቤት ከነጓዳው የሚያውቅ ሰው አይደል? የማያውቀኝ ሰው በምን አንጀቱ ይፈርድልኛል? ወይስ የሚፈርድልኝ ስለማያውቀኝ ነው? ኧረ አንቺ መልሺልኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አሳክኮኛል።

ሶ፣ ወረቀቱ በስልክ መልስ ስጥ ይላል፤ እዚያው ገበታው ላይ ገጹን ከፈትኩት። ገና ከመጀመሪያው «የአሜሪካ ዜጋ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዳሻው ንዴቱን ረስቶ ጆሮዬ ሥር ገባ። «ኖ ካልክ ከነአድራሻህ ኑ ውሰዱኝ ማለትህ ነው። ዘንድሮ ስደተኛው እንዴት እንደሚያዝ አታይም? ዬስ በልና ተገላገል» አለኝ። የሚበቀለኝ መስሎኝ ዓይኑን አየሁት፤ የምሩን ፈርቶልኝ ነበር። እኔም ብሆን መንግሥት ጠርቶ አይደለሁም ማለት የት አውቅበታለሁ? አልዋሽሽም፣ ከዳኞች ጋር ተቀምጬ ፎቶ ልልክልሽም ቋምጬ ነበር። አውራ ጣቴ ዬስ ላይ ደረሰ።

እትዬ አይዳ እጄን ቀጨም አደረጉኝ። እስካሁን ያመኛል። «አገሩን በአንድ ጣት ልትሸጠው ነው? ሳትሆን ዜጋ ነኝ ያልክ ቀን ነው ግሪን ካርድህን የሚወስዱብህ። ስምህን ያገኙት ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ነው፤ ዜጋ መሆንህን የሚያውቁት አንተን ጠይቀው ነው። ኖ የተቀመጠው ላንተ ዓይነቱ ነው» አሉኝ። ሳቃቸው የት እንደገባ እንጃ።

እታለም፣ ይሄስ ሕግ ነው? ሰውን ያልሆነውን ነህ ወይ ብሎ ጠይቆ፣ በመልሱ ሊያጠፋው የሚችል? ቀልድ ሆኖብኝ በሁለት ፊደል አንድ ዕድሜ ላጣ ነበር።

ኖን ነካሁት። ቢስሚላህ ብዬ። ስልኩ ትንሽ አሰበና ስላሳወቅህ እናመሰግናለን፣ መምጣት አያስፈልግህም አለኝ። አለቀ። ፖሊስ አልመጣ፣ ዳኛ አልጠራኝ። እንዳሻው ግን ፈርዷል፤ ለሁለት ሳምንት መኪናውን የማቆምለት እኔ ነኝ፣ ይግባኝ የለውም።

እማዬን ጉልበቷን ስሚልኝ። አባዬን ሳሉን ችላ እንዳይል ንገሪው። ትንሿ እህታችን ዙሌይካ ደብተሬ ላይ የሣለችኝን አህያ አልረሳሁትም በያት፣ መልሱ በመንገድ ላይ ነው። ጎረቤቶቻችንን በሙሉ፣ የሚወዱኝንም የሰደብኳቸውንም ሰላም በይልኝ። ይህን ደብዳቤ ለእማዬ የምታነቢላት ከሆነ ደግሞ ከታች ጀምሪላት፤ እዚህ በየሳምንቱ ለስንት ሺህ ሰው የሚላክ ተራ ወረቀት ነው፣ ልጅሽ አንድ ጊዜ ኖ ብሎ ምሳውን በላ፣ ሌላ ምንም አልሆነም በያት።

ወንድምሽ ሰልማን
ሎስ አንጀለስ፣ ፓልምስ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.