አያ ሙሃባውን ብቻ የሚያውቀው ጂፒኤስ

አስማማው ሆዴ፣ ካለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ።

ከተለያየን ሁለተኛው ሰሊጥ ታጭዶ ገባ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ እሱ ግን አንተ እያለህም ያመኝ ስለነበር በሞትህ አላመካኝም። የጓዳው ጣሪያ ዘንድሮም ያፈሰሰው አንተ ጠግኜዋለሁ ባልህበት በኩል ነው። ፍየሊቱ መንታ ወልዳለች። አንደኛው ግልገል ሽቦ ባገኘ ቁጥር እንዳንተ በጥርሱ ይልጣል፣ ስቆጣውም እንዳንተ ያልሰማ ይመስላል።

የዱካኑን፣ የመሥሪያ ሱቅህን ነገር ግን እስከ ዛሬ በወጉ አልነገርሁህም።

አርባህ እንዳለፈ የዱካኑ ባለቤት ዐም ኢድሪስ መጡ። እንደምታውቃቸው ክፉ ሰው አይደሉም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ውሃ ጠጡ፣ አንተን አመሰገኑ፣ አለቀሱም። ዕንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ፣ "ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ የተዘጋ ዱካን አይጥ ነው የሚያረባው። ፀጉር አስተካካይ የሆነ የእህቴ ልጅ አለ" አሉኝ። እኔም ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ "ዱካኑን አልዘጋሁትም፤ ልሠራበት ነው" አልኋቸው።

"ምን ልትሠሪበት?"

"የሱን ሥራ።"

ዐም ኢድሪስ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ደግሞስ ምን ይፈረድባቸዋል? የገዳሪፍ ሰው እኔን የሚያውቀኝ አንተ ከትራክተር ሥር ተጋድመህ የመኪና ሽቦ ስትቀጥል፣ አጠገብህ ተንበርክኬ ባትሪ ሳበራልህ ነው። ስንት ዓመት "እዚህ ጋ አብሪ" ስትለኝ ኖርህ፤ ምን እንደምትሠራ ነግረኸኝ አታውቅም፣ እኔም ጠይቄህ አላውቅም። ግን እያበራሁ አያለሁ። ፊደል የለየሁት አምፖል ከተጠቀለለበት ቁራጭ ጋዜጣ ነው፤ ኤሌክትሪኩንም እንደዚያው መጀመሪያና መጨረሻ በሌለው ቁራጭ ተማርሁት። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ አንድ ሥራ ሠርቼ ደንበኛው "ደህና ነው" ካለ የዱካኑ ቁልፍ የኔ ይሆናል፤ ካላለ ለእህታቸው ልጅ ይሰጣል።

የእህታቸው ልጅ ግን እስከዚያ እንኳ ልቡ አላረፈለትም። መስተዋቱን አምጥቶ ከብሎን መፍቻዎችህ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። እኔን ሲያይ መጀመሪያ እንደ ደንበኛ ፈገግ አለልኝ። ነጠላዬ ሸርተት ብሎ ላንተ ሐዘን የተላጨ ራሴን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

ትራክተር እንዲመጣልኝ ስጸልይ የመጣው አያ ሙሃባው ሆነ፣ ያ ሰሊጥ ነጋዴው ወዳጅህ። ጉዞው ጋላባት ላይ የሰለቸው አንድ ፈረንጅ የተወውን የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክል ገዝቷል። ሞተሩ ግመል ያህላል። አያ ሙሃባው ደግሞ፣ ታውቀዋለህ፣ ቁመቱ የኔን ትከሻ አያልፍም። ባሱንዳ ወዳለው እርሻው ሲሄድ በየጊዜው ማሽላ ውስጥ እየጠፋ ስላስቸገረ፣ ካርቱም ሰው ልኮ ጂፒኤስ አስመጥቷል። አንተ ሳታየው የሄድህ ነገር ነው። የሳሙና ማስቀመጫ የሚያህል ዕቃ ነው፤ ፊቱ ላይ መስኮት አለው፣ ከሳተላይት እየሰማ ያለህበትን በቀስት ያሳይሃል። አንተ ብትኖር "ከሩቅ የሚታየውን ትልቁን የእህል ጎተራ እያየ አይመለስም?" ብለህ ትስቅ ነበር።

የጂፒኤሱ ሽቦ ሁለት ብቻ ነው። ጥቁሩን ከሞተሩ ብረት ጋር አሰርሁት። ቀዩ ግን ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ የሚመጣበትን መስመር ይፈልጋል፤ ከባትሪው በቀጥታ ከታሰረ ሞተሩ ቆሞም ባትሪውን ሲጠጣ ያድራል። የጎን ክዳኑን ከፍቼ ተንበረከክሁ። አያ ሙሃባው "ሞተሩ እንዳይወድቅብሽ ልያዝልሽ" ብሎ ላዩ ወጣ። ግራ እግሩ በጣቱ ጫፍ መሬት ነካ፣ ቀኙ መርገጫው ላይ ነበር። አንተ በሠራሃት መፈተሻ አምፖል ሽቦዎቹን እየወጋሁ አንዱ ላይ ደረስሁ። "ቁልፉን ክፈት" አልሁት፤ አምፖሉ በራ። "ዝጋ" አልሁት፤ ጠፋ። ደጋግሜ አስከፈትሁት፣ አስዘጋሁት። ቸኩለሻል እንዳትለኝ፤ አልቸኮልሁም። ከዚያ መስመር ቀጠልሁ፣ በፕላስተር ጠቀለልሁ፣ በታንከሩ ሥር አሳልፌ እስከ መሪው አደረስሁት። ቀና ስል መስተዋቱ ውስጥ ጥቁር የለበሰች ራሰ በራ ሴት ሽቦ በጥርሷ ነክሳ አየኋት። ቀጥሎ መስኮቱ በራ፤ ቀስቱ ገዳሪፍ ላይ ቆመ። ደጃችን ላይ ሻይ የምትሸጠው ለተብርሃን እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ሐዘን ላይ መሆኔ ትዝ ሲላት መልሳ ዋጠችው።

አያ ሙሃባው የሞተሩን ቁልፍ ሳይዘጋ ሻይ ሊጠጣ ወረደ። መስኮቱ ጠፋ። ተመልሶ ሲወጣ በራ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ በሙሉ ዱካናችን ደጅ ተሰበሰበ። ፀጉር አስተካካዩ ወጣበት፤ አልበራም። ለተብርሃን ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች፤ አልበራም። ዐም ኢድሪስ ራሳቸው ጀለቢያቸውን በጥርሳቸው ይዘው በሁለት ሰው ተደግፈው ወጡ፤ ጨለማ። አያ ሙሃባው ሲቀመጥ ብርት።

"ባለቤቱን ያውቃል ማለት ነው" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ዋእ፣ የኔ ባል እንኳ እኔን እንዲህ ለይቶ አያውቀኝም" አለች ለተብርሃን።

አያ ሙሃባው እንደ ድፎ ተነፋ። "ይኸ ለሌባም አይሆን። ደህና ነው፣ እናና! እጅግ ደህና ነው!" አለ። ዐም ኢድሪስም ሰሙ፤ ቁልፉን ሰጡኝ፣ መቀነቴ ውስጥ ቋጠርሁት። ለምን በሱ ብቻ እንደሚበራ ግን አልገባኝም ነበር፤ ደስ ያለውን ሰው ከሞተሩ አስወርጄ ልጠይቅም አልደፈርሁም።

እሱም ለሙከራ እስከ ጎተራው ሄዶ ተመለሰ። በመንገዱ ሁሉ አንድም ጊዜ እንዳልጠፋበት እየማለ ነገረን። ከሱ ኋላ ግን የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ተከትሎ ደረሰ። ዞሬ አየሁ። ከሞተሩ ጀርባ ቀይዋ የፍሬን መብራት በጠራራ ፀሐይ ትበራለች። እግሩን አየሁ፤ ፍሬኑን ረግጧል። ያን ጊዜ ሁሉም ተገለጠልኝ። ሽቦውን የቀጠልሁት ከፍሬኑ መብራት ነበር። ሰውየው ሞተሩ ስለሚያስፈራው እግሩን ከፍሬን አያነሣም፤ ቆሞም ይረግጣል፣ ሲሄድም ይረግጣል። እኛ ስንወጣ ደግሞ ማን ፍሬን ይረግጣል?

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝምታ፣ አንተ ምስክሬ ነህ፣ የሠለጠንሁበት ነገር ነው። ቁልፉ መቀነቴ ውስጥ ነው፣ ሰውየው ደስ ብሎታል። ግን በማግስቱ ወደ ባሱንዳ ሊሄድ ነው። ወይ ፍሬኑ ነድዶ ያልቅበታል፣ ወይ ልብ አግኝቶ እግሩን ያነሣና ማሽላ መሀል ይጨልምበታል።

"አያ ሙሃባው፣ እግርህን አንሣ" አልሁት።

አነሣ። ጠፋ።

"መልሰህ እርገጥ።"

በራ። ለተብርሃን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች።

"ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከፍሬኑ መስመር ነው የቀጠልሁት። አሁን አስተካክለዋለሁ፤ አንተም ፍሬኑን ልቀቅ" አልሁት።

"ማን አስተካክዪ አለሽ? እንዳለ ተይው! እኔን የሚያውቅ ዕቃ ነበረኝ፤ አሁን የትኛውም ወንበዴ ሲቀመጥበት ይብራ?"

ክዳኑን ከፍቼ ሽቦውን ቆረጥሁት። አያ ሙሃባው እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። "ደህና ነው ያልሁትን አንሥቻለሁ! ሁላችሁም ስሙ፤ ደህና አይደለም!"

እኔም መቀነቴን ፈትቼ ቁልፉን ከዐም ኢድሪስ ፊት አስቀመጥሁና ሥራዬን ቀጠልሁ። ፀጉር አስተካካዩ መስተዋቱን በእጅጌው ማጽዳት ጀመረ። ዐም ኢድሪስ ግን ቁልፉን ሳያነሡ ይሥቁ ጀመር፤ ሣቁ ሳል ሆነባቸው።

"ይህችን ሴት አታውቋትም፣ ባሏንም አታውቁትም" አሉ። "አንድ ጊዜ ትራክተሬን ሠራልኝ፤ ደስ ብሎኝ አመስግኜ ሄድሁ። እሱ ግን አንዲት ሽቦ አላማረችኝም ብሎ በአውቶቡስ ተከትሎኝ እስከ ሾዋክ ከተማ መጣ። ገበያ መሀል፣ ሰው እያየኝ፣ ትራክተሬን በታተነው። እየረገምሁት አደርሁ። ያ ትራክተር እስካሁን መብራቱ ጠፍቶ አያውቅም።" ከዚያ ወደ እህታቸው ልጅ ዞር አሉ። "ኸላስ፣ አለቀ፣ መስተዋትህን አውርድ። እኔ ይህን ዱካን ለሰላማዊ ሰው ማከራየት አልታደልሁም።"

ትክክለኛውን መስመር አገኘሁት፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩን በሁለት ድንጋይ አስደግፌ፣ ማንም ሳይወጣበት። አያ ሙሃባው አኩርፎ ሄደ። ከባሱንዳ ሲመለስ ግን በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። እግሩን ከፍሬን ማንሣት ለምዷል። አንድ ጊዜ ወድቋል፤ የወደቀበትን ቦታ ግን ዕቃው ጥንቅቅ አድርጎ ያውቀዋል ብሎ ነገረኝ።

አሁን ሥራ አለኝ። ፋው ከሚባለው ከተማ ድረስ ትራክተር እየጎተቱ ይመጣሉ። ብዙዎቹ መሞትህን አልሰሙም፤ ደጅ ቆመው በባለሙያ ወግ ኡስታ እያሉ ስምህን ይጠራሉ። በፊት በፊት ወጥቼ እነግራቸው ነበር። እነሱ ያለቅሳሉ፣ እኔም አብሬ አለቅሳለሁ፣ ትራክተሩ ቆሞ ይውላል። አንተ ደግሞ ቆሞ የሚውል ትራክተር አትወድም። ስለዚህ አሁን መጀመሪያ ሥራውን ጨርሼ፣ ሞተሩ ተነሥቶ መብራቱ በርቶ ሳየው፣ ያኔ መርዶህን አርድቼ አብረን እናለቅስልሃለን።

እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ አስማማው፣ በዚህ ደጅ ስምህን የጠራ ሰው መልስ ሳያገኝ አይሄድም። "ያ ኡስታ አስማማው!" ሲሉ፣ ከትራክተሩ ሥር ሆኜ "አቤት" እላለሁ።

ሚስትህ እናና