አስታራቂዎቹ እኛ ነን አሉ

ባዮሎጂዬ፣
ኩርፊያሽን ሳትለቂ አንብቢው፤ ማንበብ ማውራት አይደለም።

ትናንት ርዕሰ መምህሩ ጠርተውኝ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "የተጋጩ መምህራን እንዴት እንደሚታረቁ ነገ ሥልጠና ስጡልን። አንድ ቤት ተስማምታችሁ የምትኖሩት እናንተ ናችሁ።" ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። "ጨው አቀብዪኝ" ላለማለት ብዬ ጨው የሌለው ድንች ስበላ መክረሜን ማን ይንገራቸው!

እሺ ብያለሁ።
ስምሽንም ሰጥቻለሁ።

ሻዩ ምድጃው ላይ ነው፤ በባዶ ሆድ ኩርፊያ አይሆንም። ማርከሮችሽን ይዘሽ ነይ፤ የእኔዎቹ ደርቀዋል። በሩን ደግሞ ቆልፊ፣ እባክሽ፣ ዛሬ እንኳ።

እኔ ስለ መደማመጥ አወራለሁ። አንቺ ደውል ተደውሎም ከክፍል አልወጣ እያሉ የሰው ክፍለ ጊዜ ስለሚበሉ የሒሳብ አስተማሪዎች ተናገሪ፤ ምሳሌ ካጣሽ አጠገብሽ ቆሜያለሁ። ልጆቹ ገልብጠው ሳይጨርሱ የሰው ሰሌዳ ስለሚያጠፉ ሰዎችም…
ተዪው። ዛሬ በሳቅ መሞቴ ነው።

ተራሽ ሲደርስ ሰሌዳውን እኔው አጠፋልሻለሁ።
ደውሉ ሳይደወል።

ሒሳብ