ሠላሳ አንድ ቀይ ምልክት

ሰኞ፣ መጋቢት 4

ዛሬ ስልሳ ሁለት ዛፍ አየሁ። አየሁ ማለት... በሞተር ሳይክል አለፍኩባቸው። እንጀራዬ የመንገድ ዛፍ ቁጥጥር ነው። የደረቀውን ግንዱ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ አደርጋለሁ፣ ቆራጮቹ መጥተው ይጥሉታል። ከሞተሩ ሳልወርድ እጄን ዘርግቼ መቀባት ከለመድኩ ቆየሁ። ጉልበቴን ያመኛል። አለቃዬ ደግሞ ቁጥር እንጂ ጉልበት አይጠይቅም።

ከመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ጥግ ያለውንም ቀባሁት። የመብራት ሠራተኞች አናቱን ገንድሰውት ምሰሶ መስሏል። ምኑ ይታያል? አራት ሰከንድ አልፈጀብኝም።

ባለቤቴ "ዛፉን ነው የምትቀባው ሸሚዝህን?" አለች። ሁለቱንም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 6

በዚያው መንገድ ሳልፍ ልጆቹ ወጥተው ዛፍ ያጠጣሉ። ለካ ረቡዕ ረቡዕ ይወጣሉ። ሠላሳ አንድ ልጅ፣ ሠላሳ አንድ ዛፍ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ደርሶታል። በፕላስቲክ ጠርሙስ ያጠጣሉ፣ ግማሹን ጫማቸው ይጠጣዋል። አንዱ ዛፉን ታቅፎ እናቱ አዲስ ሕፃን እንደወለደች ያወራዋል። ደስ ያለው አይመስልም፣ ልጁ ማለቴ ነው።

አንዷ መንገዱን ዘግታ አስቆመችኝ። የፊት ጥርስ የላትም። መምህርቷ ራሷ "ዳኛዋ" ነው የምትላት።

"ጋሼ፣ የኔን ዛፍ በቀይ ቀለም የሸለምከው አንተ ነህ?"

የአጥሩ ጥግ ዛፍ የሷ ነው... ምን ልበላት?

"አዎ" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

"ለምን ለሱ ብቻ?"

"ቸኩያለሁ" ብዬ ሞተሬን አስነሳሁ። ሃምሳ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ ከአምስት ዓመት ልጅ ሸሸሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 8

የቆራጮቹ አለቃ ደወለ። ድምፁ ከመጋዙ ስለሚበልጥ ቢሮ ውስጥ "ጄኔሬተር" ነው የምንለው።

"ወረቀቱ አንድ ዛፍ ይላል። እዚህ ግን ሠላሳ አንድ ቀይ ዛፍ ቆሟል። ልጨርሰው?"

"የቱን?"

"መንገዱን። የመብራት ምሰሶም ተጨምሮበታል። የጥበቃው ወንበርም ተቀብቷል።"

እየበረርኩ ሄድኩ። እውነትም ከጥግ እስከ ጥግ... ሁሉም በልጅ ቁመት፣ አንዳንዱ ተንጋዶ፣ አንዱ ዛፍ ላይ ብቻ ሰባት ኤክስ። ትናንት ልጆቹ ናቸው የቀቡት። ክፍላቸው ውስጥ ሕግ አላቸው፤ ከረሜላ የመጣ እንደሆነ ለሁሉም ነው፣ ካልበቃ ለማንም አይደለም።

"ሌሎቹ ዛፎች ይከፋቸዋል ብለው ለመኑኝ" አለች መምህርቷ። "እኔስ የሽልማት ቀለም አለመሆኑን በምን አውቄ?"

"ምሰሶውስ?"

"ብቻውን ቀርቶ አሳዘናቸው።"

ዳኛዋ ጄኔሬተርን መጋዙ ለምን እንደሆነ ጠየቀችው። እሱ ደግሞ ለሕፃን እንኳ አይዋሽም። ቀይ ያለበት ሁሉ ይቆረጣል አላት።

ሠላሳ ልጅ ባንዴ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሠላሳ አንደኛዋ አላለቀሰችም። "እኛ ነን ያስቆረጥናቸው" አለች፣ ቀስ ብላ። እሱ ነው ሆዴን ያባባው። ጄኔሬተር "ሰኞ እመለሳለሁ፣ ትክክለኛውን ለዩልኝ" ብሎ መኪናውን አዞረ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

ልጆቹ ወላጆቻቸውን እየጎተቱ መጡ። ባልዲ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ... የማን ብሩሽ እንደሆነ አልጠየቅኩም። እኔ የኔን ምልክት እንድለይ ተልኬ ቆሜ አያለሁ።

የነሱ የውሃ ቀለም ነው፣ ይለቃል። ሠላሳው ዛፍ ጸዳ። ምሰሶውም ጸዳ። ጥበቃው ብቻ ወንበሩን አላስነካም፣ እንደዚያው ወድጄዋለሁ አለ።

የዳኛዋ ዛፍ አልለቅ አለ። የኔ የዘይት ቀለም ነው፣ ሳሙና አይነካውም። እሷ ትፈትጋለች፣ ትፈትጋለች። ጣቶቿ ቀሉ።

"ይበቃል የኔ ልጅ።"

"ይሄን አንተ ነህ የቀባኸው?"

"አዎ።"

"ታዲያ አንተ ፈትገው።"

ብሩሹን ሰጠችኝ። ተንበረከክኩ። ስፈትግ ውሃው አለቀና "ከውስጥ ቅዳ" አለችኝ። ባልዲውን ይዤ ወደ ግቢው ገባሁ፣ ቀና አልኩ...

አረንጓዴ። ታችኞቹ ቅርንጫፎች በአጥሩ ክፍተት ሾልከው ግቢው ውስጥ ተዘርግተዋል፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሏል፣ ከሥሩ የልጆች አግዳሚ ወንበር። በመንገዱ በኩል አጥሩ ይሸፍነዋል። ይሄን ዛፍ ነው ሞቷል ያልኩት። ውሃ ልቀዳ ሄጄ እኔው ራሴ ውሃ ሆንኩ።

እሑድ፣ መጋቢት 10

አለቃዬን ምን እለዋለሁ? ቀለሙን በቤንዚን ፍቄ "ልጆቹ ስላጠፉት መለየት አልቻልኩም" ማለት ይቻላል። ማንም አይጠረጥርም። ጄኔሬተር ግን የደረቀ የመሰለውን ቆርጦ ይሄዳል፣ የደረቀ የሚመስለው ደግሞ የዳኛዋ ዛፍ ነው።

ባለቤቴ "ተሳስቻለሁ በለዋ፣ ምን ችግር አለው?" አለች። ችግሩማ... አንዱን ሳላይ ቀባሁ ካልኩ ሌሎቹንስ ይለኛል። ሌሎቹንስ? በሁለት ወር ውስጥ ሌላ መቶ አሥራ ሁለት ቀብቻለሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 11

አልኩት።

"ሳላይ ነው የቀባሁት።"

አለቃዬ መነጽሩን አወለቀ። "አንዱን?"

"ሁሉንም። ከሞተር ላይ ሆኜ።"

የሞተሩን ቁልፍ ተቀበለኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍብኛል። የአጥሩ ጥግ ዛፍ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ገና ያልተቆረጡትን ሰባ ዛፎች በእግሬ ሄጄ እንደገና ላያቸው ነው።

አርባ ሁለቱ ተቆርጠዋል። ስንቱ በሕይወት ነበር? አሁን ማን ይነግረኛል? ጄኔሬተር በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰማ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 13

ቤንዚንና ጨርቅ ይዤ ሄጄ ቀለሙን አጠፋሁ። ዳኛዋ እጇን ወደኋላ አጣምራ ትቆጣጠረኛለች።

"አይቆረጥም?"

"አይቆረጥም።"

"ማን አለ?"

"አለቃዬ።"

"ጻፍልኝ።"

ጻፍኩላት። ማንበብ ስለማትችል አላመነችኝም፣ መምህርቷን ሁለቴ አስነበበቻት። ከዚያ "ሌሎቹን ዛፎችስ አየሃቸው?" አለችኝ።

"ገና ነኝ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

ረቡዕ፣ መጋቢት 27

ሰባውን ትናንት ጨረስኩ። ሃያ ሦስቱ በሕይወት አሉ። ስለ አርባ ሁለቱ ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል፤ ባለቤቴ ጉልበቴ መስሏት ታሽልኛለች። አልነገርኳትም።

ዛሬ አዲስ መንገድ ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ ስምንት ዛፍ። አለቃዬ ቁጥሩን አይቶ ተነፈሰ።

ስምንተኛው ደርቋል። ዞርኩት። ቅርፊቱን በጥፍሬ ፋቅሁ፣ ቀንበጥ ሰበርኩ፣ ሥሩን በዱላ ጫርኩ። ደርቋል። ቀለሙን ካወጣሁ በኋላ እንደገና ዞርኩት። አንዲት ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብለው "ምን ጠፍቶብህ ነው?" አሉኝ።

"ምንም እናቴ። እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው።"

"እንኳን አንተ እኔም አውቃለሁ፣ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ጥላው ሥር ነበር ልብስ የማጥበው።"

ቀባሁት። ወዲያው መሄድ ግን አልሆነልኝም። ሴትዮዋም መስኮቱን አልዘጉም።