የወንድማቸውን ደም የመለሱት እትዬ ይደገም

የሥራ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ይደገም» ይሏቸው የነበሩት እናታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ገና ከልጅነታቸው የተነገራቸውን አንዴ ሰምተው የሚያምኑ ሰው አልነበሩም።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ታናሽ ወንድማቸው ወባ ያዘው። እናቱ ሐኪም ያዘዘውን ኪኒን አስዋጡት። ልጁ ግን ዐይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቱ ጠቁሮ በሳምንቱ ዐረፈ። እናት ከዚያ ወዲያ «በገዛ እጄ ገደልኩት» እያሉ ኖሩ። ይህ ቃል ለእናታችን የዕድሜ ልክ የቤት ሥራ ሆነ።

ትምህርታቸውን በማዕረግ ፈጽመው፣ በባዮኬሚስትሪ ዶክትሬት ተቀብለው፣ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት በሚገኝ ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። ኦክስጅን ብረትን እንደሚያዝግ ሁሉ የደም ሕዋስንም ይጎዳል፤ አንዳንድ መድኃኒት ደግሞ ጉዳቱን ያባብሳል። ሕዋሱን የሚጠብቀው አንድ ኢንዛይም ነው። ወንድማቸው ይህ ኢንዛይም እንደጎደለው ጠረጠሩ። ሆኖም በዚያው ኪኒን የታመሙ ልጆችን ደም ሲመረምሩ ውጤቱ ሁሉ «ጤነኛ» እያለ ወጣ። የላቦራቶሪው ኃላፊ «ላም አለኝ በሰማይ ሆነብሽ እኮ!» ብለው አፌዙ። እሳቸውም «ይደገም» አሉ። ስሙ የወጣላቸው ያኔ ነው።

ስሕተቱ ችኮላ ነበር። ኢንዛይም ያለቀባቸው ያረጁ ሕዋሳት በሕመሙ ሰሞን ፈንድተው ጠፍተዋል። ለምርመራ የቀሩት አዲስ የተፈጠሩት፣ ኢንዛይማቸው ገና ያልተሟጠጠው ብቻ ናቸው። ከወራት በኋላ ልጆቹ ተጠርተው ምርመራው ሲደገም ጉድለቱ ፍንትው ብሎ ታየ። ኃላፊውም ባርኔጣቸውን አንሥተው እጅ ነሡ።

እናታችን ጋዋናቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደ ቤት በረሩ። «እማዬ፣ እጅሽ አይደለም። ደሙ መከላከያ አጥቶ ነው፤ ያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር» አሏቸው። አሮጊቷ እጆቻቸውን እያገላበጡ ሲያዩ ቆዩና «እፎይ» አሉ። ያን ቃል ዳግመኛ አልተናገሩትም።

ከፊዚክስ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። አባታችን «ሠርጉም ይደገም እንዳትይ ብቻ!» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። ምርመራውንም ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራ አድርገው፣ ኪኒኑ ከመታዘዙ በፊት በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ እስኪፈቀድ ድረስ ባለሥልጣናቱን እንቅልፍ ነሥተዋል።

በልብ ድካም ሲታመሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች አሏቸው። ይህን ታሪክ በፊታችሁ ቆሞ የሚያነብላችሁ የልጅ ልጃቸው ያው ኢንዛይም ይጎድለዋል። እሱም በልጅነቱ ወባ ይዞት ነበር፤ ምርመራው ስለነበረ ግን ያ ኪኒን ከአፉ አልደረሰም። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከታናሽ ወንድማቸው ጎን ያሳርፍልን፤ የእሳቸው ዓይነት ሰውም ለዓለም ይደገም።